ፎርማት ተደርጓል፣ ምንም የለበትም

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ሦስት ነገር ይምላል። አንደኛ፣ «ስላይትሊ ዩዝድ ነው፤ ያው አዲስ በለው።» ሁለተኛ፣ «ባትሪው አራት ሰዓት ይይዛል።» ሦስተኛ፣ «ፎርማት ተደርጓል፣ ምንም የለበትም።» የመጀመሪያውን ገዢ አያምንም። ሁለተኛውን እዚያው ቻርጀሩን ነቅሎ ይፈትናል። ሦስተኛውን ግን ሁለቱም ያምኑታል፤ እንዲያውም ሻጩ ከገዢው የበለጠ ያምነዋል። ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ሲከት የሠርግ ፎቶውን፣ የባንክ መግለጫውን፣ ለቀድሞ ፍቅረኛው ጽፎ ያልላከውን ደብዳቤ ሁሉ ከምድረ ገጽ እንዳጠፋ እርግጠኛ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሦስቱ መሐላዎች ከእውነት የራቀው ይኸው ሦስተኛው ነው። ባትሪው እንኳ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይይዛል።

ኮምፒውተር «ፋይሉን አጥፋ» ሲባል ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የቀበሌ ቤቶችን ማሰብ ይበቃል። ጸሐፊው መዝገቡን ይገልጣል፤ የተከራዩ ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምርና ዳር ላይ «ክፍት» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ መዝገቡን ዘግቶ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ተከራዩ ግን ከነአልጋው፣ ከነምጣዱ፣ ከነልጆቹ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ውጣ ያለው የለም። ሌላ ሰው ተመድቦለት ዕቃውን አስጭኖ እስኪመጣ ድረስ ይኖራል፤ ያ ሰው ነገም ሊመጣ ይችላል፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል፣ ባዶ ቤት ከተረፈ ደግሞ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል። ፎርማት፣ ያውም «ኩዊክ» የሚባለው፣ ከዚህ የሚለየው መዝገቡን በሙሉ ጥሎ አዲስ ባዶ መዝገብ በመክፈቱ ነው። ቀበሌው «በቀበሌያችን አንድም ነዋሪ የለም» ብሎ ሪፖርት ይልካል። ሠፈሩ ቡና እያፈላ ነው።

በድሮው ዶስ ዘመን ነገሩ ከዚህም የቀለለ ነበር። ፋይል ሲሰረዝ ከስሙ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ተነሥታ በምልክት ትተካና የያዘው ቦታ ነጻ ተብሎ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ኤምኤስ-ዶስ 5 «አንዲሊት» የሚል ትእዛዝ ነበረው፤ የሰረዝኩትን መልስልኝ ሲሉት ፋይሉን ያወጣና የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ምን እንደነበረች ይጠይቃል። ሌላ ጥያቄ የለውም። ዛሬ ያሉት ደግሞ ስምም አይጠይቁም። ፎቶሬክ የሚባለው ማንም በነጻ የሚያወርደው ፕሮግራም መዝገቡን ዞር ብሎ ሳያይ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል፤ የጄፔግ ፎቶ ሁሉ መጀመሪያው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ስላለው ምልክቱን ባየበት ሁሉ ፎቶውን ጎትቶ ያወጣል። የገዢው የእህት ልጅ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ክረምት ላይ ሥራ ሲፈታ ይህን ያደርጋል።

በሠፈራችን አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት አለ። በሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ከላይ «ፎርማት እናደርጋለን» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ፣ በዚያው ቀለም፣ «የጠፋ ፋይል እንመልሳለን»። ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ልጅ ነው። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ የሠፈራችን ሽማግሌ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ አስይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይሄን ለቆራሌው ልሰጠው ነው። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋልኝ።»

«እሺ ጋሼ፣ አጠፋዋለሁ።»

ሽማግሌው በከዘራቸው ሰሌዳውን አሳዩት። «የጠፋም ትመልሳለህ?»

«እመልሳለሁ ጋሼ።»

«አሁን የምታጠፋውንም?»

ልጁ ትንሽ አሰበና፣ «ካስፈለገዎት... አዎ።»

«ታዲያ አንተ ምኑን ነው የምታጠፋልኝ?»

«ጋሼ፣ ተራ ማጥፋት አለ፣ የማይመለስ ማጥፋት አለ። ዋጋቸው ይለያያል።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ የማይመለሰው እስኪያልቅም ንቅንቅ አላሉም። ውስጡ ምን እንደነበረ የጠየቃቸው የለም። ለብዙ ጊዜ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ስለነበሩ ግን ሠፈሩ የየራሱን ገምቷል። እኔ የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ ነው ብዬ ይዣለሁ፤ ዕድሩ ሲቀብረኝ የሚመጣውን ድንኳን ማሰብ አለብኝ።

ይህ የእኛ ዝርክርክነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኤምአይቲ ይማሩ የነበሩት ሲምሰን ጋርፊንክልና አቢ ሼላት ያገለገሉ 158 ሃርድ ዲስኮችን ከየቦታው እየገዙ ከመረመሩ በኋላ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ከዲስኮቹ 129ኙ ይሠሩ ነበር። በወጉ የጸዱት 12 ብቻ ሆነው ተገኙ። በቀሩት ላይ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች፣ የሰው የሕክምና ጉዳይ፣ የፍቅር ደብዳቤና ለወላጅ የማይታይ ፊልም ነበረ። አንዱ ዲስክማ በኢሊኖይ ግዛት ይሠራ ከነበረ ኤቲኤም የወጣ ይመስል ነበር፤ የደንበኞችን የሒሳብ ቁጥር እንደተሸከመ ነው የተሸጠው። እኛ ኤቲኤም ፊት ቆመን ፒን ስንጽፍ በአንድ እጃችን እንጋርዳለን፣ ከኋላ የቆመውን በጎን እንገላምጣለን፤ ማሽኑ ራሱ ሲሸጥ የሚጋርድለት አልነበረም።

ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የዎል ስትሪት ግዙፍ ድርጅት ከዚህ ይብሳል። የደንበኞቹን መረጃ የያዙ ሰርቨሮችና ዲስኮች እንዲያስወግድለት የቀጠረው ዕቃ አጓጓዥ ነበር፤ ቤት ስንቀይር ሶፋችንን የሚጭንልን ዓይነት፣ መረጃ ስለማጥፋት ምንም ልምድ የሌለው። ዕቃው ተሸጠ፣ የገዛውም መልሶ ሸጠው፣ ከፊሉ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ ወጣ፤ መረጃው ሳይነካ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2022 የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት አስከፈለው። ጉዳዩ የነካቸው ደንበኞች 15 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ፎርማት የሚያደርገው የሠፈራችን ልጅ ስንት ያስከፍላቸው ነበር?

35 የምትባለው ቁጥር በዚህ መንደር ዕረፍት የላትም። ፒተር ጉትማን የተባለ የኒው ዚላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረበው ጥናት አንድን ዲስክ በትክክል ለማጥፋት 35 ጊዜ በላዩ ላይ መጻፍን የሚጠይቅ ዘዴ ዘረዘረ። ዓለም ይህን ሰማና ወደደው። ማጥፊያ ፕሮግራም የሚሸጡ ሁሉ «የጉትማን ዘዴ» የሚል ምርጫ ጨመሩ፤ ሰውም እሱን መረጠ። ከአንድ 35 ይሻላላ! ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። ባለ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢጽፍ አንዱ ዙር ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ሠላሳ አምስቱ ሌትና ቀን ተሠርቶ አራት ቀን። አራት ቀን ሙሉ መብራት የማይጠፋበት ሠፈር ካለ አድራሻውን ላኩልኝ፤ ዲስኩን ትቼ እኔው እዛወራለሁ።

የሚያስቀው የጉትማን የራሱ መልስ ነው። ሠላሳ አምስቱ ዙሮች ለአንድ ዲስክ የታሰቡ አልነበሩም፤ በዚያን ዘመን መረጃ በዲስክ ላይ የሚቀረጽባቸው ዘዴዎች የተለያዩ ስለነበሩ ለእያንዳንዱ የሚሆነው ተደርድሮ ነው 35 የሞላው። የራሱን ዲስክ ዓይነት ለሚያውቅ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ይበቃው ነበር፤ የዛሬዎቹ ዲስኮች ደግሞ ከነዚያ ዘዴዎች አንዱንም አይጠቀሙም። ሰውየው ኋላ ላይ ጥናቱ ላይ ባከለው ማስታወሻ ሰዎች ነገሩን እንደ ቴክኒክ ትንተና ሳይሆን ክፉ መንፈስ እንደሚያባርር ድግምት ይዘውታል ብሎ አማረረ። ለዛሬ ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መጻፍ በቂ ነው፤ የአሜሪካ የስታንዳርድ ተቋም መመሪያም ይህንኑ ይላል። ያው ግን ሠላሳ አምስት ቀን ጠበል የተጠመቀ ሰውን «አንድ ቀን ይበቃህ ነበር» ብትሉት ደስ አይለውም፤ የማጥፊያ ፕሮግራሞቹም ምርጫውን አላነሱትም።

ፍላሽና የአዳዲስ ላፕቶፖች ዲስክ የሆነው ኤስኤስዲ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። እነዚህ በመጻፍ ብዛት ያረጃሉ፤ ስለዚህ ውስጣቸው ያለው መቆጣጠሪያ አንዱ ቦታ ብቻ እንዳይጎዳ ጽሑፉን በየቦታው ያዛውራል። «የድሮው ፋይል ላይ ጻፍበት» ስትሉት «እሺ» ይልና ሌላ ባዶ ቦታ ላይ ይጽፋል። የድሮው እዚያው ይቀራል። በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ለሃርድ ዲስክ የተሠሩትን የማጥፊያ ዘዴዎች ኤስኤስዲ ላይ ሞክረው ነጠላ ፋይል ለይቶ በማጥፋት አንዱም አልሠራላቸውም። ኤስኤስዲዎች ፋብሪካው የሰጣቸው የራሳቸው የማጥፊያ ትእዛዝ አላቸው። እሱንም ሞከሩት። ከመረመሯቸው አንዱ ትእዛዙን ተቀብሎ «በሚገባ ተፈጽሟል» ብሎ መለሰ፤ ሲከፈት ግን መረጃው አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ለካስ ዲስኩም እንደ ሻጩ ይምላል!

በዚህ ሁሉ ተስፋ የቆረጠ ሰው መዶሻ ያነሣል፤ አልፈርድበትም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 20 ቀን 2013 የእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ አዘጋጆች ቢሯቸው ምድር ቤት ወርደው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው የስለላ ምስጢር ሰነዶች የነበሩበትን ኮምፒውተር በግራይንደርና በድሪል ፈጭተዋል። የአገሪቱ የስለላ ድርጅት የላካቸው ሁለት ባለሙያዎች አጠገባቸው ቆመው የቱን ክፍል መፍጨት እንዳለባቸው ያሳዩአቸው ነበር። ብናኙ በየአቅጣጫው ቦነነ። የሰነዶቹ ቅጂ ግን በዚያው ሰዓት ኒው ዮርክ ነበረ፤ አስፈጪዎቹም ፈጪዎቹም ይህን ያውቃሉ። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የማስበው ስለ እንግሊዝ አይደለም፤ ስለ ኮፒ ቤት ነው።

የኮፒ ቤት ኮምፒውተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስክሪኑ በፋይል ከመሸፈኑ የተነሣ ከጀርባው ያለው ሥዕል አበባ ይሁን ፏፏቴ አይለይም። «ሲቪ የመጨረሻ» አለ። አጠገቡ «ሲቪ የመጨረሻ የመጨረሻ»። ከሥር «የፍቺ ስምምነት የተስተካከለ»፣ ከጎኑ «የጋብቻ ጥሪ»፤ የአንድ ሰው እንዳይሆኑ እየጸለያችሁ ታልፋላችሁ። «ኒው ፎልደር» ከነቁጥሩ ተደርድሯል፤ በየውስጡ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ሰው ፍርድ ቤት ያቀረበው አቤቱታ።

አንድ ጎልማሳ ፍላሹን ይዞ ይገባል። ልጅቷ ሳትቀበለው በፊት፣ «ፍላሽ አንቀበልም ወንድም፣ ቫይረስ አስቸገረን። በቴሌግራም ላክልኝ» ትላለች፤ ስልክ ቁጥሩ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ይልካል። ፓስፖርቱ ከእሱ ስልክ ወደ ቴሌግራም፣ ከቴሌግራም ወደ ሱቁ ኮምፒውተርና ወደ ሱቁ ስልክ፣ ከኮምፒውተሩ ዳውንሎድስ ወደ ዴስክቶፑ ይሄዳል፤ አንድ ገጽ ታትሞ እስኪወጣ አምስት ቦታ ተቀምጧል። ሰውየው ግን ንቁ ነው። ሒሳቡን ከከፈለ በኋላ አይሄድም።

«እህቴ፣ አጥፊልኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ከሪሳይክል ቢንም?» ይላል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ዕውቀቱን እንዲሰማለት።

ልጅቷ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ታደርጋለች። ከስፒከሩ ወረቀት የመጨማደድ ድምፅ ይወጣል፤ ጨርር። ጎልማሳው ያን ድምፅ ሲሰማ ፊቱ ይፈታል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። ቴሌግራሙ እዚያው ስክሪን ላይ ክፍት ነው፤ ፓስፖርቱ ከነፎቶው ከሚቀጥለው ደንበኛ የፋይዳ መታወቂያ በላይ ተሰቅሎ ይታያል። ከላከው ሰው ስልክ ላይ «ለሁለቱም አጥፋ» የምትለዋ ምርጫ ብትነካ የቴሌግራሙን መልእክት ከሁለቱም ወገን ታነሣ ነበር። ወርዶ የተቀመጠውን ቅጂ ግን እሷም አትነካውም።

መጥፋት የሌለበት ደግሞ እንዴት እንደሚጠፋ! በዌልስ የኒውፖርት ከተማ ነዋሪ የሆነ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 የ8,000 ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ሃርድ ዲስክ በስህተት ከቤት ቆሻሻ ጋር ተጣለበት። የከተማውን ቆሻሻ መጣያ ልቆፍር ብሎ ዓመታት ለመነ፤ አልተፈቀደለትም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ፍርድ ቤቱም ክሱን ዘጋበት። እንዳይጠፋ የሚጸለይለት በቆሻሻ ሥር ይቀበራል፣ እንዲጠፋ የሚጸለይበት ኮፒ ቤት ይቀመጣል።

ስልክ ላይ ነገሩ ከኮምፒውተሩ ይሻላል፤ ይህን ማለት አለብኝ። የዛሬ ስልኮች መረጃውን ከመጀመሪያው በምስጢር ቁልፍ ነው የሚጽፉት። ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ስትመልሱት የሚጠፋው ቁልፉ ነው፤ የቀረው ቢገኝም የሚያነበው የለም። ቁም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ኋላ ከማጥፋት አስቀድሞ መቆለፍ ይቀላል። ላፕቶፕም ላይ ቢትሎከርን የመሰለ መቆለፊያ መረጃ ሳይሞላበት፣ አዲስ ሳለ ማብራት ይቻላል። ስልክ ሻጮች ግን ሁለት ነገር ይረሳሉ። አንደኛው ሚሞሪ ካርዱ ነው፤ ስልኩ ይጸዳል፣ ካርዱ ከነሠርግ ቪዲዮው ለገዢው ይታደላል። ሁለተኛው የጉግል አካውንት ነው። ከአካውንቱ ሳይወጡ የጸዳ አንድሮይድ ስልክ የድሮውን ባለቤት ካላየሁ አልከፈትም ሊል ይችላል፤ ገዢውም ሌሊት ደውሎ «ጌታዬ፣ ፓስወርዱን ይንገሩኝ» ይላል። በቅንነት የሚነግሩት አሉ። በዚያ ፓስወርድ ኢሜይላቸውም እንደሚከፈት ትዝ የሚላቸው ስልኩን ከዘጉ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ የመሥሪያ ቤቶች ጨረታ ነው። «ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ባለበት ሁኔታ መሸጥ ይፈልጋል» የሚለውን ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ሁላችንም አይተናል። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ይዋቀራል። የንብረት ቁጥሩ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ሲፒዩ ይቆጠራል፤ በሞዴል 19 የገባው ማውዝ ተፈልጎ ካልተገኘ ጉባኤ ይጠራል፤ አንድ የኪቦርድ ቁልፍ መውለቁ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ዲስኩ ውስጥ ያለው የሰው ደመወዝ፣ የሰው ሕመም፣ የሰው ፋይል ግን የንብረት ቁጥር ስለሌለው አይቆጠርም። «ባለበት ሁኔታ» ማለት እሱንም ጨምሮ ነው።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሰው መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ የኮሚቴ አባላት ሆይ፣ ማውዙ ይቅርባችሁና ሲፒዩውን ክፈቱት። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፎርማት ስታደርጉ «ኩዊክ ፎርማት» የምትለዋን ምልክት አንሷት፤ ከቪስታ ወዲህ ያሉት ዊንዶውሶች ያን ጊዜ ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞሉታል። ለ500 ጊጋባይት ከምሳ እስከ ሻይ ሰዓት ይበቃል። ኤስኤስዲ ከሆነ የአምራቹን የማጥፊያ ፕሮግራም ተጠቀሙ፣ ከዚያ በኋላም ከፍታችሁ አረጋግጡ። ጊዜ የለንም ካላችሁ ዲስኩን ንቀሉና ኮምፒውተሩን ያለ ዲስክ ሽጡት። የሚይዘው አራት ብሎን ነው።